ኬሎ የወረሰው ማሳ

«ልጅሽ ይህን አበባ ያነሳችው የት ነው?»

ኦቦ ሽብሩ ይህን ሲጠይቁኝ በራችን ላይ ቆመው ነበር። ስልካቸውን ወደ ፊቴ አስጠጉት። ልብስ እያጠብኩ ስለነበር እጄ አረፋ ነው፤ አልተቀበልኳቸውም፤ አንገቴን ብቻ አስግጌ አየሁ። ስልኩን የሞላው ቢጫ ነው። ከላይ ጥቂት ሰማይ፣ ከዚያ በታች እስከ ጠርዙ ድረስ አደይ አበባ፣ እኛ ጋ ኬሎ የሚሉት። ከሥሩ የሞሲሳ ፎቶ ቤት ስም አለ። ልጄ ኬኔ የምትሠራው እዚያ ነው። ስለዚህ ማን እንዳነሳው ልክድ አልችልም። የት እንደሆነ ግን አላውቅም።

«አላውቅም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ከአፌ ሲወጣ ግን ለራሴም እንደ ውሸት ተሰማኝ።

ትንሽ አዩኝና ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። «እንግዲህ ጠይቂያት። እኔም ተጠይቄ ነው» ብለው ሄዱ።

ኦቦ ሽብሩ የሰፈራችን የጸጥታ ተጠሪ ናቸው። ማን ቤት እንግዳ እንዳደረ፣ ማን ክፍል እንዳከራየ ያውቃሉ። ክፉ ሰው ናቸው ማለት አልችልም። ባለቤቴ ጉሉማ የሞተ ጊዜ ድንኳን ከተከሉት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ነገር ግን በዚህ ዘመን ደግ ሰውም ቢሆን ጥያቄ ይዞ በር ላይ ከቆመ ያስፈራል። ደግሞስ እሳቸውን የጠየቃቸው ማን ነው? ይህን ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር። የመጣልኝ ከሄዱ በኋላ ነው። ውኃው ቀዝቅዞ፣ አረፋው ጠፍቶ፣ እኔ አንድ ሸሚዝ ደጋግሜ እያሸሁ።

እኔ «የት» የሚለውን ጥያቄ ከድሮም እፈራለሁ። ወላጆቼ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ ወደዚህ ወደ ነቀምቴ ሲመጡ እናቴ እኔን አዝላ ነበር። ያደግሁት እዚሁ ነው፤ ያገባሁትም የዚህ አገር ሰው፣ የአርጆን ልጅ ነው። ገበያ ላይ በኦሮምኛ እከራከራለሁ፣ ቤቴ ገብቼ በአማርኛ እጸልያለሁ። ጊዜው ሰላም ሲሆን አገርሽ የት ነው የሚለኝ የለም። ጊዜው ሲከፋ ግን መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ እሱ ነው። ስለዚህ ኬኔን ያሳደግኋት በማስጠንቀቂያ ነው። ለጥያቄ አጭር መልስ ስጪ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢ። ፎቶ ቤት ስትቀጠር ደግሞ ሌላ ጨመርኩባት፤ ኬላ አታንሺ፣ ድልድይ አታንሺ፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ባለበት ካሜራ አታውጪ አልኳት። አበባ አታንሺ ማለት ግን አልመጣልኝም።

አበባ ማንሳት የጀመረችው በአባቷ ስልክ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ብራ ሲሆን አጥር ለአጥር እየዞረች፣ ጭቃው ላይ በሆዷ እየተኛች፣ ጤዛ የያዘ የሸረሪት ድር፣ የዱባ አበባ፣ ንብ የገባበት ኬሎ ታነሳ ነበር። ጉሉማ ይስቃል፤ እኔ ከኋላ ዱላ ይዤ እቆማለሁ። ያኔ የምፈራላት እባብ ነበር።

ዘንድሮ ነገሩ የመጣው ከሞሲሳ ነው። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ አንድ ትልቅ ባነር ነበረው፤ የውጭ አገር ፏፏቴ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ስሙን የማናውቀው ቀይ አበባ። ሰው ሁሉ ይቀልድበታል። አንዲት አሮጊት ነጠላዬን ያረጥበዋል ብለው ወንበሩን ወደ ፊት አስጎትተውታል ይባላል። ድሮ ብራ ሲገባ ሰው ለፎቶ ፎቶ ቤት አይመጣም ነበር፤ ባጃጅ ተኮናትሮ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነው የሚነሳው። ሙሽራውም ተመራቂውም እዚያው ነው። አሁን ለአበባ ብሎ ኬላ የሚያልፍ የለም። ሞሲሳ ታዲያ፣ ሰው ወደ አበባው መሄድ ካልቻለ አበባው ወደ ሰው ይምጣ፣ የራሳችንን ኬሎ አንስተን በባነር እናሳትመው አለ። ለአዲስ ዓመት ደረሰለት። ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰለፈ።

ባነሩ ከመሰቀሉ በፊት የሆነ ቀን፣ ለመዝሙር ልምምድ ቤተ ክርስቲያን ነኝ ብላኝ የዋለች ቀን፣ ጫማዋ ቀይ ጭቃ ይዞ ነበር። ቀሚሷ ላይ ደግሞ እስከ ጉልበቷ ድረስ ቢጫ ብናኝ። አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ብናኝ አጥር ሥር እንደማይገኝም አውቃለሁ። አልጠየቅኋትም። አንዳንድ ጊዜ ሰው የሚፈራውን ነገር ሳይጠይቅ ያጥበዋል።

ኦቦ ሽብሩ ከሄዱ በኋላ ግን ገና ደጃፉን ከመርገጧ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ተወችው። መንገድ ተከፈተ በተባለ ቀን በአዱኛ ሚኒባስ ወደ አርጆ አቅጣጫ እንደሄደች ነገረችኝ። አዱኛ የሞሲሳ የአክስት ልጅ ነው። ኬላው ላይ የአባቴን ዘመዶች ልጠይቅ ነው ብላ አለፈች። ከኬላው ማዶ አንድ ዳገት ላይ ወርዳ፣ ቁልቁል ሸለቆውን አንስታ፣ ሚኒባሱ እስኪመለስ መንገድ ዳር ብቻዋን ጠበቀች።

«ባይመለስስ?» አልኳት።

«ተመለሰ እኮ፣ ሃርሜ።» እማዬ የምትለኝ በአባቷ ቋንቋ ነው።

«ባይመለስስ ነው የምልሽ።»

ሰው አላየሽም ወይ አልኳት፤ የንብ ድምፅ ብቻ ነው የነበረው አለች። እንደዚያ ያለ ቢጫ በሕይወቷ አይታ እንደማታውቅ፣ ካሜራውን የት እንደምታዞር እንደጨነቃት ስትነግረኝ ዓይኗ ይበራ ነበር። ልቆጣት ነበር፤ ዓይኗን ሳይ ተውኩት።

የፎቶ ቤቱን ፌስቡክ እንድትከፍትልኝ ጠየቅኋት። ማታ ማታ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ቀስ ብዬ አነባለሁ። ከአበባው ሥር ሰዎች የጻፉትን ፊደል በፊደል ለቀምኩት። «ያምራል»። «አገሬ»። «እግዚአብሔር ይመስገን»። ከዚያ «የት ነው?»። ከሱ በታች በቁቤ፣ በኦሮምኛው ፊደል፣ ሌላ፤ ትርጉሙ ያው ነው። ከዚያም ደግሞ «ቦታውን የሚያውቅ አለ?»። የሚያምር ነገር ያየ ሰው የት ነው ማለቱ ያለ ነው አለችኝ ኬኔ። ይሆናል። ግን ከነዚያ መካከል አንዱ አበባው ግድ የማይሰጠው ሰው ቢሆንስ? አጥፊው አልኳት፤ አጠፋችው። ኦቦ ሽብሩ ስልክ ላይ ያለውን ግን ማን ያጠፋዋል። ባነሩንም አውርዱት ብዬ ነበር። ሞሲሳ በተጠየቅን ማግሥት ብናወርደው የደበቅነው ነገር አለ ማለት ነው አለ። እሱም ልክ ነው። ስለዚህ ባነሩ እንደተሰቀለ ቆየ፤ እኔም ባጃጅ በራችን ላይ በቆመ ቁጥር እየደነገጥኩ ሰነበትኩ።

ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው ቀለሟን ፎቶ ቤት ይዣት ሄድኩ። ቀለሟ ጎረቤቴ ናት፤ በትምህርቱም አንድ ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው። ባለፈው ዓመት ተኩስ ሲበዛ ከአርጆ መንገድ ወዲያ ካለ መንደር ሴት ልጇን ሌንሳን በእጇ ይዛ፣ ሕፃኑን ሮቤራን አዝላ መጥታ አንዲት ክፍል ተከራየች። ባለቤቷ ጆቴ እናንተ ቅደሙ፣ በሬዎቹን ይዤ እከተላለሁ ብሎ ቀረ። አልተከተለም። መንደሩ ባዶ ነው ይባላል፤ ስልክ አይሠራም፤ የሚሄድ ሰው የለም። መምህራችን የፈለጋችሁትን ቃል ጻፉ ሲለን ቀለሟ ሁልጊዜ የምትጽፈው ጆቴ ብላ ነው። ጊምቢ ያለ ወንድሟ የልጆቹን ፎቶ ላኪልኝ ስላላት ነው የሄድነው።

ሞሲሳ ወንበሩን አስተካከለ፤ ቀለሟ ተቀመጠች፤ ሮቤራ ጭኗ ላይ፣ ሌንሳ አጠገቧ። ኬኔ ካሜራውን አነሳች። ሌንሳ አበባውን ለመንካት ዞረች፤ ቀለሟም ልጅቷን ለማቃናት ዞረች። ዞራ ቀረች።

ኬኔ ወደ እኔ ይመልከቱ አለቻት። አልሰማቻትም። ሮቤራን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ተነሳች፤ ፊቷን ባነሩ ላይ ልትለጥፈው ደረሰች። ከዳር ያለውን ትልቅ ሾላ ነካች። ከሾላው ሥር ያለውን፣ እኛ ድንጋይ ነው ብለን ያለፍነውን ግራጫ ነገር ነካች። ቆርቆሮ ነው፤ የቤት ጣሪያ።

«ኩን ለፈ ኬኛ» አለች። መሬታችን ነው ማለቷ ነው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ እንደ ሕመምተኛ።

ሞሲሳ በሩን ዘጋ። እኔ አቀፍኳት፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። አላለቀሰችም። እያሳየች ነገረችን። ይህ ሁሉ ቢጫ የጤፍ ማሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው በቆሎ። በሬ የረገጠው፣ ማረሻ የገለበጠው መሬት ኬሎን ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚያበቅለው፤ እንዲህ ከዳር እስከ ዳር የሚወርሰው ሰው የተወውን ማሳ ነው። ያ የተሰለፈ ሰው ሁሉ ያምራል እያለ ከፊቱ ቆሞ የሚነሳው የእሷ ሳይታረስ የከረመ ማሳ ነበር። ኬኔን አየኋት፤ ካሜራው እጇ ላይ ዝቅ ብሏል።

ቀለሟ ግን ገና አልጨረሰችም። ከጣሪያው ጀምራ ጣቷን በአበባው መካከል ውኃ ወደሚቀዱበት ምንጭ ጎተተችው። በደንብ ላየ ሰው እዚያ ቀጭን መስመር አለ፤ ኬሎው ግራና ቀኝ የተገፋበት። በብራ ወራት መንገድ ጥቂት ቀን ካልተረገጠ ይዘጋል። ይህ አልተዘጋም። እየተረገጠ ነው።

ሞሲሳ ማንም ሊሆን ይችላል አላት፣ ጫካ ያሉትም ሊሆኑ ይችላሉ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። መስመሩ መሐል ላይ ያለ ምክንያት ይጎብጣል፤ እንቅፋት የለ፣ ዛፍ የለ፣ ሜዳ ላይ ዞሮ ይሄዳል።

«እዚህ ጋ የመጀመሪያው ልጃችን አለ» አለች። «ስም ሳይወጣለት ነው የሞተብን። ምልክት የለውም። ሌላ ሰው ቢሆን በላዩ ነበር የሚሄደው። ጆቴ ነው የሚዞረው።»

ሌንሳ «አባባ ነው?» አለች።

ደስታ ነበር፤ እውነት ለመናገር ደስታ ነበር። ግን ከደስታው እኩል ፍርሃቱ መጣብኝ። ባዶ ነው በተባለ መንደር ብቻውን የሚኖር ሰው ማን ይባላል? ወታደር ቢያገኘው ጫካ ላሉት ስንቅ የሚያቀብል ነው ይለዋል። ጫካ ያሉት ቢያገኙት መንግሥት ያስቀመጠው ጆሮ ነው ይሉታል። ጆቴ እዚያ መኖሩን የሚያሳይ ብቸኛ ነገር ደግሞ የእኔ ልጅ ያነሳችው ፎቶ ነው፤ በዋና መንገድ ላይ፣ ለከተማው ሁሉ ተሰቅሎ። ጆቴ ከተገኘ ማን አሳየ ይባላል? ካልተገኘም ማን ከኬላው አልፎ ምን ሲያነሳ ነበር ይባላል? በየትም በኩል ብሄድ መጨረሻው ኬኔ ላይ ይደርሳል።

ባነሩን እናውርደው አልን፤ ያው የፊቱ ክርክር ተመለሰ። ያውም አሁን ለመስቀል ቀጠሮ የያዘ ሰው ሞልቷል፤ የት ሄደ ሲል ምን ሊባል ነው። በመጨረሻ መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ወንበሩን ወደ ግራ አስጠጉት አልኳቸው፤ መስመሩ በግራ በኩል ነው። የሚቀመጥም የሚቆምም ሰው እሱን እየሸፈነ ይነሳ። ማንም ባዶውን ባነር ቆሞ የሚያይበት ጊዜ አይኑር፤ አንዱ ሳይነሳ ሌላው ይግባ።

የነቀምቴ ሰው ያን ሰሞን የተነሳውን ፎቶ አውጥቶ ቢያየው ሁሉም ወደ ግራ ተገፍቶ ነው ያለው። ተማሪው፣ ሙሽራው፣ መዘምራኑ፣ ሁሉም። ቀኙ ባዶ አበባ ነው። አጉረመረሙ። አንዱ ጎልማሳ ሸሚዙን እያስተካከለ «ምነው ጥግ አስያዝከኝ፣ የእንጀራ ልጅ ነኝ?» አለው ሞሲሳን። ሞሲሳም «አበባውም ይታይ እንጂ፣ አንተንማ መቼ አጣንህ» አለው። ይስቃሉ። እኔ ለኬኔ ምሳ ይዤ መጥቼ ጥግ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሳቃቸው ደስ አይለኝም ነበር። ሞሲሳ ሲስቅ አንገቱ ሥር የምትመታ ጅማት ነበረች፤ እሷን ነበር የማየው።

በመስቀል ዋዜማ ኦቦ ሽብሩ ገቡ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ባለቤታቸው አዲስ የሐበሻ ቀሚስ። ፎቶ ሊነሱ ነው የመጡት። ለጠቅላላው ሰው «አካም ጂርቱ» ብለው እንዴት ናችሁ አሉ፤ እኛም «ነጋ»፣ ደህና ነን አልን። ለእኔ ብቻ አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉልኝ። ሞሲሳ ቶሎ ብሎ ባለቤታቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፤ እሳቸውን ከኋላ እንዲቆሙ ለመናቸው። ኦቦ ሽብሩ አልቆሙም። መነጽራቸውን አደረጉና ባነሩ ፊት ሄዱ።

መጀመሪያ ቀኙን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ግራ መጡ። የሱሪያቸውን ጉልበት ሳብ አድርገው ቁጢጥ አሉ፣ ገበሬ ማሳው ዳር እንደሚቀመጠው። ኬኔ ካሜራውን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። እኔ የምሳ ዕቃውን ክዳን ይዤ ነበር፤ እንዳይንኳኳ በሁለት እጄ ጨመቅኩት።

«ይህ ያልታረሰ ማሳ ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ በጣታቸው መስመሩን ሳይነኩት ተከተሉት። ጎበጥ ያለችዋ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «የሚሄድበት ሰው አለ።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«አዴ ሸዋገነት፣ ያን ቀን ጠይቄሽ ነበር። አሁንስ የት እንደሆነ አወቅሽ?»

ያን ቀን አላውቅም ያልኩት ስላላወቅሁ ነው። አሁን አውቃለሁ። ጣሪያውን አውቃለሁ፣ ምንጩን አውቃለሁ፣ አበባው ሥር የተኛውን ሕፃን ሳይቀር አውቃለሁ። ልዋሽ ብዬ አፌን ከፈትኩ። የቀደሙኝ ባለቤታቸው ናቸው።

ባለቤታቸው ወንበሩ ላይ ሆነው «ፎቶ ልንነሳ ነው የመጣነው ወይስ መሬት ልንለካ? ወገቤን አመመኝ እኮ» አሉ።

ኦቦ ሽብሩ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ሄደው ከባለቤታቸው ጀርባ ቆሙ፤ መስመሩ ላይ። ትንሽ ወደ ግራ ተጠጉ፤ ሞሲሳ ሳይነግራቸው። ኬኔ አነሳቻቸው። የመጀመሪያው ደብዝዞ ስለወጣ ደግማ አነሳቻቸው።

ሲወጡ በሩ ላይ ጠሩኝ። ባለቤታቸው ባጃጅ ውስጥ ገብተዋል። «ኬኔ አዲስ አበባ ዘመድ የላትም?» አሉኝ። ወንድሜ ጫንያለው እዚያ እንዳለ ነገርኳቸው። «ሐሙስ መንገድ ይከፈታል ይባላል» አሉ። ፊታቸው ላይ የማነበው ነገር ፈልጌ አጣሁ። ባጃጁ ሄደ።

ይህን እስከ ዛሬ አልፈታሁትም። ምክር ይሁን ማስፈራሪያ አላውቅም። ሞሲሳ ምክር ነው አለ፤ ሊያስይዛት ቢፈልግ መስመሩን ሸፍኖ አይቆምም ነበር አለ። ይህን እያለ ግን መሰላል አምጥቶ ባነሩን ያወርድ ነበር። ፏፏቴውን መልሶ ሰቀለ። ኬኔ ደግሞ አልሄድም አለች። እኔ ቤት ውስጥ ልብሷን ሳጥፍ እሷ እያወጣች መልሳ ታንጠለጥላለች።

«ሃርሜ፣ ከሄድኩ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው። አበባ ነው ያነሳሁት።»

«ከቀረሽስ?»

«ከቀረሁ እዚሁ ነኝ። ምንም አላጠፋሁም።»

«ምንም አላጠፋሁም የሚል ሰው ሁሉ ቤቱ አድሮ ያውቃል? ይልቅ ልጅ ሳለሽ እባብ አለ ስልሽ ትሰሚኝ ነበር።»

«አልሰማሽም ነበር፣ አንቺ ዱላ ይዘሽ ስለምትቆሚ ነው» አለችኝ። ሁለታችንም ልንስቅ ነበር፤ አልሆነልንም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። በዱላ የማባርረው ነገር ቢሆን ኖሮ ደጅ ላይ ቆሜ አነጋ ነበር አልኳት። ይህ ግን በየት በኩል እንደሚመጣ አላውቅም። የማላውቀውን ደግሞ ልጠብቅሽ አልችልም። ያን ጊዜ ልብሷን ራሷ ማጠፍ ጀመረች። ካሜራው የሞሲሳ ነው፤ ይዛ መሄድ አልቻለችም።

ቀለሟ የኦቦ ሽብሩን ነገር በሰማች ማግሥት ወደ ቤቴ መጣችና እሷም እንደምትሄድ ነገረችኝ። መስመሩን አንድ ሰው አይቶ ካወቀው ሌላም ያውቀዋል፤ ጆቴ ሳያውቅ ሰው ሊደርስበት ነው፤ ቀድሜ ደርሼ ላስወጣው አለች። አብደሻል ወይ አልኳት። ኬላውን ማን ያሳልፍሻል፣ ከመንገዱ ወርደሽ በዚያ ሸለቆ ብቻሽን እንዴት ትሄጃለሽ፣ ሮቤራ ቢያለቅስስ አልኳት። ሁሉንም አስባበታለች። ሮቤራ ጡት ስላልጣለ መቅረት አይችልም። ሌንሳ ግን ትምህርቷ አለ።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ ሌንሳን ያዥልኝ። ለመመለስ ያህል ነው» አለችኝ። እህቴ ብላኛለች። ለመመለስ ያህል ማለት ምን ያህል እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አይሆንም ልላት ፈልጌ ነበር፤ እኔ ልጄን ከአደጋ እያሸሸሁ እሷን ወደ አደጋ ሂጂ እንዴት እላለሁ። ግን ሂጂ አላልኳትም፤ የሌንሳን ደብተርና የሌሊት ልብስ ብቻ ተቀበልኳት።

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያው ጭጋግ ነበር። ሰው ሁሉ ሾፌሮቹን ከቦ መንገዱ እንዴት ነው ይላል፤ ሾፌሮቹም እንደ እናንተው ነው የሰማነው ይላሉ። ኬኔ የአዲስ አበባው መኪና ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ፊቷን ከመስኮቱ መልሺ አልኳት፤ ሰው ያይሻል። መለሰችው። ወዲያው ደግሞ እንዳላየኋት ቆጨኝና መስታወቱን አንኳኳሁ። ምን እንደተባባልን አሁን አላስታውስም፤ ብርድ ልብሱን አውጪ ያልኳት ይመስለኛል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ከመናኸሪያው በር እስኪወጣ ድረስ የቆመ ሰው ሁሉ፣ ቆሎ የምትሸጠዋ ሳትቀር፣ እሷን የሚያይ መሰለኝ።

የአርጆው ሚኒባስ ከወዲያኛው ጥግ ነበር። ቀለሟ ሮቤራን በጀርባዋ አጥብቃ አስራ፣ ሌንሳን ግንባሯ ላይ ሳመቻትና ገባች። አዱኛ ነበር የሚነዳው። እኔን ሲያይ ዓይኑን መለሰ። ሌንሳ እጄን ይዛለች፤ አላለቀሰችም፤ መዳፏ ግን በላብ ርሷል፤ ወይም የራሴ ላብ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ደወለ። ወንድሜ ነው። ኬኔ ደርሳለች፤ ኬላዎቹ ላይ ሁሉ ሻንጣዋን ፈትሸው አሳልፈዋታል። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፤ ቁጭ ማለት ግን አልቻልኩም። ከአርጆ በኩል የሚደውል የለም፤ እዚያ ስልክ አይሠራም። አዱኛ በማግሥቱ ሲመለስ ቀለሟ ዳገቱ ላይ እንደወረደች፣ ቁልቁል አበባው ውስጥ ስትገባ እስከ ትከሻዋ ድረስ እንደሸፈናት፣ ከዚያ ወዲያ እንዳላያት ነገረኝ።

ኬሎው ከረገፈ ቆየ። ኦቦ ሽብሩ በመንገድ ሲያገኙኝ ስለ ኬኔ ደህንነት ይጠይቁኛል፤ ደህና ናት እላለሁ። ቤቴ ያለችው ልጅ የማን ናት ብለው ግን እስካሁን አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ምን እንደምል ሌንሳን ትምህርት ቤት በማደርስበት መንገድ ሁሉ ለራሴ እለማመደዋለሁ።

ኬኔ አዲስ አበባ ሄደች። ቀለሟ ሮቤራን አዝላ ወደ ጆቴ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ሞሲሳ ፎቶ ቤቱን ከፍቶ ቀረ። እኔና ሌንሳ ቀረን።